ስማችሁን ደጋግመን የምንጠይቀው ለምንድን ነው?

ውድ ደንበኞቻችን፣ ጤና ይስጥልን።

ሰሞኑን ደም ስትሰጡ ባለሙያዋ ስማችሁን እስከ አያት ጠይቃ፣ ባርኮድ ያለበትን ስቲከር እዚያው ፊታችሁ ቱቦው ላይ ትለጥፋለች። «ካርድ ስናወጣ ተናግረን የለም እንዴ?» ያላችሁን አላችሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው።

ውጤት ሲሳሳት ሰው ቶሎ የሚጠረጥረው ማሽኑን ነው። አብዛኛው ስህተት ግን ናሙናው ማሽን ጋር ሳይደርስ ነው የሚፈጠረው፤ ስም ሲምታታ፣ ደም ያለ ቱቦው ሲቀዳ፣ ብዙ ሲቆይ። ባሕር ዳር ውስጥ እስከ አባት ስም የሚመሳሰሉ ሁለት ሰዎች በአንድ ጠዋት ቢመጡ አይገርምም። የባርኮዱ ቁጥር ግን አይመሳሰልም። ማሽኑ ራሱ አንብቦት የታዘዘውን ይሠራል፤ ውጤቱንም በቀጥታ ወደ ኮምፒውተር ይልካል። በእጅ ሲገለበጥ 4.5 የነበረው 5.4 ሆኖ የሚጻፍበት ቀዳዳ ተደፈነ ማለት ነው። ሆኖም ማሽኑ ስቲከሩን ያምናል። የሌላ ሰው ስቲከር ከተለጠፈበት ስህተቱን አያውቅም። ስማችሁን ከራሳችሁ አፍ መስማት የምንፈልገው ለዚህ ነው።

አንዳንዴ ደግሞ «እባካችሁ እንደገና ስጡ» እንላለን። ከዘጌ በጀልባ ለመጣ ሰው ይህ ምን ያህል እንደሚከብድ እናውቃለን። ግን ደም ሲቀዳ ወይም ሲጓጓዝ ቀይ የደም ሴሎች ሊፈነዱ ይችላሉ። ውስጣቸው ፖታሲየም የሚባል ማዕድን በብዛት ስላለ፣ ሲፈነዱ ወደ ደሙ ፈሳሽ ክፍል ይወጣል። ያኔ ምንም ያልሆነው ሰው ፖታሲየሙ ለልብ እስከሚያሰጋ ድረስ የጨመረ ይመስላል። ሐኪሙ ያንን አምኖ መድኃኒት ቢያዝስ? ፈሳሹ ደም ሲመስል ማንም ያየዋል። ፈካ ያለውን ቅላት ግን፣ በተለይ ሥራ ሲበዛ፣ ዐይን ያልፈዋል። የኬሚስትሪ ማሽናችን ቅላቱን ለክቶ ምልክት ያደርግበታል። እንዲህ ያለውን የፖታሲየም ውጤት አንሰጥም።

ወባን አሁንም በማይክሮስኮፕ የምታየው ባለሙያዋ ናት። በሐይቁ ዙሪያ ወባ ስላለ፣ ይህን ሥራ ልምድ ካለው ዐይን ለመንጠቅ አልቸኮልንም።

ናሙና የምትልኩልን ክሊኒኮች፣ ደሙ የተቀዳበትን ሰዓት አደራ ጻፉልን። ፈሳሹ ከደም ሴሎቹ ሳይለይ በክፍል ሙቀት የቆየ ደም ውስጥ ስኳሩ በሰዓት ከ5 እስከ 7 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። የጠፋውን ስኳር የትኛውም ማሽን አይመልሰውም።

ናሙናው ተበላሽቶ ድጋሚ ደም ስትሰጡ ተጨማሪ ክፍያ የለም። ከሩቅ ከመጣችሁም ምልክቱ እንደታየ ስለምንደውል፣ ከከተማ ሳትወጡ ስልካችሁን ክፍት አድርጉልን።

ከአክብሮት ጋር፣
የላቦራቶሪው ባልደረቦች፣ ባሕር ዳር