መፈክር ለምትጽፉልን፦ ግልጽ ደብዳቤ ለመንግሥት ኮሙኒኬሽን አገልግሎት

ጤና ይስጥልኝ።

በቀጥታ ወደ ነገሬ ልግባ። ጊዜው ኅዳር 2014 ነው። ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ፣ ኋላ ወንበር ላይ ነኝ። የፊት መስታወቱ ላይ "በቃ!" የሚል ወረቀት ተለጥፏል። አጠገቤ ያለው ጎልማሳ ወረቀቱን በአገጩ እያሳየ "እውነት ነው፣ የነጮቹ ጣልቃ ገብነት በቃ" አለ። ከፊታችን የተቀመጡ ጥቁር ነጠላ የለበሱ እናት ዞር ብለው "አዎ ልጄ፣ መሞት በቃ" አሉት። ሊያርማቸው ፈልጎ "አይ እማማ፣ እሱን ለማለት አይደለም እኮ" ቢላቸው፣ "ታዲያ ሌላ ምን በቃ ይባላል?" ብለውት ፊታቸውን ወደ መንገዱ መለሱ። ወሬ የማያልቅበት ረዳት እንኳን ዝም አለ።

ቃሏን የጀመራችኋት እናንተ እንዳልሆናችሁ አውቃለሁ። ውጭ ያሉ ወገኖች "ኖ ሞር" ብለው አስነሷት፣ እናንተም ወደዳችኋትና አደባባይ አወጣችኋት። ግን አማርኛን ታውቁታላችሁ። ሰምና ወርቅ እየሰማ ላደገ ሕዝብ ባለቤት የሌለው ግስ ስትሰጡት በራሱ ቁስል ይሞላዋል። እኚያ እናት አልተሳሳቱም፣ ሰውየውም እንደዚያው።

በሽታው የቆየ ነው። ደርግ "ያለምንም ደም፣ ኢትዮጵያ ትቅደም" እያለ መጣ። ትቅደም፣ እሺ፣ ማንን? ዘውዱን? ብሔሬን? ነፍሴን? ኅዳር 14 ቀን 1967 60 ሰዎች ያለ ፍርድ ሲረሸኑ ደግሞ ከመፈክሩ የመጀመሪያው ግማሽ ምን ቀረ? ቀጥሎ "ሁሉም ነገር ወደ ጦር ግንባር" መጣ፣ መጀመሪያ የሶማሊያ ጦር ሲገባ፣ በኋላም በ1980 ኤርትራ ውስጥ አፍአበት ላይ ከደረሰው ሽንፈት ወዲህ። ቢሮ ለተቀመጠው ሰው "ሁሉም ነገር" ማለት በጀት ነው፣ ስንቅ ነው፣ ነዳጅ ነው። ለእናት ግን ልጇ ነው። አፈሳው ሲጀመር በትክክል የተረጎመችው እሷ እንደነበረች ታየ።

ወደ እኛው ዘመን ስመጣ እጄ ትንሽ ይከብደኛል። ጥቅምት 24 ቀን 2013 ሌሊት ሰሜን ዕዝ ከተጠቃ በኋላ የሰማነው "ሕግ ማስከበር" የሚል ነው። ሕግ ሲባል ለእኔ የሚመጣልኝ ፖሊስ፣ የመያዣ ወረቀት፣ ዳኛ ነው። የሚታየው ደግሞ ታንክና አውሮፕላን። ኅዳር 19 ቀን መቀሌ ተያዘች፣ ዘመቻው ተጠናቀቀ ተባለ፣ ተቀበልን፣ አንዳንዶቻችን ጨፍረናል (አልክድም)። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ነው ፕሪቶሪያ ላይ የሰላም ስምምነቱ የተፈረመው። በመሃል ስሙ "የህልውና ዘመቻ" ሆነ። ስሙ ሲቀየር ግቡም ተቀይሮ እንደሆነ ማንም ቁጭ ብሎ አላስረዳንም።

ከሁሉም የከፋችው ግን "ጁንታ" ናት። እናንተ የሕወሓትን አመራር ማለታችን ነው፣ የትግራይን ሕዝብ አይደለም ብላችኋል፣ ደጋግማችሁ። እሺ። ግን ቃሏ ከመግለጫው ወጥታ ሰፈር ስትገባ ያንን ማብራሪያ ይዛ አልገባችም። የማውቀው ሰው ስልኩ ላይ በትግርኛ ማውራት ትቶ ነበር፣ ከእናቱ ጋር ሳይቀር "እሺ፣ እሺ" ብቻ እያለ ይዘጋል። እሱ አመራር አልነበረም። እና አሁን ማን ነው ትክክል፣ ምን ለማለት እንደፈለገ የሚያውቀው ተናጋሪ ወይስ ምን እንደደረሰበት የሚያውቀው ሰሚ? በሌላው ወገንም ያው ነው፦ "ትግራይ ታሸንፋለች" እዚያ እንተርፋለን ተብሎ ሲሰማ፣ ግንባሩ እየተጠጋበት ለነበረው ለወሎ ሰው ዛቻ ነበር።

ይሄን ሁሉ የምጽፈው ልወቅሳችሁ ብቻ አይደለም። ጥቅምት 23 ቀን 2015 የተፈረመው ስምምነት ራሱ ተኩስ ማቆምን ሲዘረዝር የጠላትነት ፕሮፓጋንዳንና የጥላቻ ንግግርን አብሮ አስገብቷል። ፈራሚዎቹ ቃል እንደሚተኮስ ገብቷቸው ነበር ማለት ነው። ታዲያ መሣሪያው ሲፈታ የመፈክሩ ትጥቅ መቼ ተፈታ? ቃላቱ እስካሁን ሰው ሲጣላ ከኪሱ የሚያወጣቸው ናቸው።

የምለምናችሁ ነገር ትንሽ ነው። ሌላ መፈክር የምታወጡበት ቀን አይምጣ፣ ከመጣ ግን ከሥሩ አንድ ገጽ ጻፉበት። ማንን እንደሚመለከት፣ ማንን እንደማይመለከት፣ ምን ሲሆን እንደሚያበቃ። በተራ አማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሶማሊኛ፣ ሰው በሚሰማው ቋንቋ። "ምን ማለት ነው?" ብሎ የጠየቀን ሰው ደግሞ ባንዳ የሚለው ካለ፣ ያኔ እናንተው ውጡና "መጠየቅ መብቱ ነው" በሉልን። ያንን ስትሉ አልሰማሁም፣ ብላችሁ ካመለጠኝ ይቅርታ።

እስከዚያው ግን የእኚያን እናት ጥያቄ እኔ ልድገምላችሁ፣ መልሱን ከእናንተ ብሰማ ደስ ይለኛል። ምኑ ነበር የበቃው?