የፋሲል መዋኛ አጥር መሰላል አይደለም

ይድረስ ለተከበሩ አዘጋጅ፣

የጎንደር ልጅ ነኝ። ጥምቀት ሲደርስ የፋሲል መዋኛ ፎቶ በየቦታው ይወጣል፤ ሁሌም ውኃ ውስጥ የሚዘሉ ወጣቶች ናቸው። እኔ የምጽፈው ከኋላቸው ስለሚታየው፣ ሰው በዓሉን ለማየት ስለሚወጣበት የድንጋይ አጥር ነው።

ቦታው ከቤተ መንግሥቱ ግቢ ወጣ ብሎ፣ ቀሃ ወንዝ አጠገብ ነው። ከ1624 እስከ 1660 ዓ.ም. በነገሡት በአጼ ፋሲል ስም ይጠራል። ነገሥታቱ ከከተማው ግርግር ራቅ ብለው የሚያርፉበት ነበር ይባላል። ገንዳው መሀል ፎቅ ቤት አለ፤ የሚገባበትም በድንጋይ ድልድይ ነው። ገንዳው ከጥምቀት በቀር ዓመቱን ሙሉ ደረቅ ነው። ለጥምቀት ከቀሃ ውኃ ይገባለታል፤ ያኔ ቤቱ ውኃ ላይ የቆመ ይመስላል። ለኔ ከቤተ መንግሥቱም ይልቅ የሚያምረው ይሄ ነው።

አጥሩን የያዙት ዛፎች ናቸው። ሥራቸው ድንጋዩን እንደ ጣት ጨብጦታል። ይነቀል ቢባል ግንቡ አብሮ ይወርዳል። ይቆይ ቢባል ሥሩ ይወፍራል፣ ድንጋዩን ይገፋል። በቅርቡ ስሄድ አንዱ ሥር ግርጌ የኖራ ፍርፋሪ አየሁ። ነካ ሳደርገው እንደ ዱቄት ረገፈ። ከላዩ ደግሞ ሥሩ ጫማ ብዛት ልጦት እንደ መስታወት ያበራል። እኔም ልጅ ሆኜ በዚያው ሥር ወጥቻለሁ። ዛሬ ሳየው ያመኛል።

ሰው አጥር ላይ የሚወጣው ግን የሚያይበት ቦታ ሲያጣ ነው። በ2012 ዓ.ም. ጥምቀት የእንጨት መቀመጫ ተደርምሶ ወገኖቻችንን ቀብረናል። አስተማማኝ መቀመጫ ቢሠራ ሰውም ይተርፋል፣ ግንቡም ያርፋል። መዋኛው ከቤተ መንግሥቱ ከፋሲል ግቢ ጋር በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ ለዚህ የሚሆን በጀት አይጠፋም ብዬ አምናለሁ።

አንድ ነገር ግን በጀት አይፈልግም። በየዓመቱ ታቦት ሲያልፍ ምንጣፍ የሚያነጥፉ ወጣቶች አሉን። ያንን ምንጣፍ ማንም እንዲረግጠው አይፈቅዱም። እባካችሁ ወንድሞቼ፣ ከመካከላችሁ ጥቂቶቻችሁ ዘንድሮ ከከተራ ጀምራችሁ ማንም እንዳይወጣበት አጥሩ አጠገብ ቁሙልን። አባቶችም ከዐውደ ምሕረት አንድ ቃል ይናገሩ። ጎንደሬ የካህን ቃል ይሰማል።

አክባሪያችሁ፣
ከጎንደር