ኬራቶኮነስ ላለባቸው የጎጃም ልጆች፦ ሳይረፍድ እንድረስላቸው

ጎጃሞችና የጎጃም ወዳጆች፣ እስቲ ይቺን አንብቡልኝ። ደብረ ማርቆስና ዙሪያዋ ኬራቶኮነስ የሚባል የዓይን ሕመም ያለባቸው ልጆች አሉን። ለእነሱ የጋራ የሕክምና ገንዘብ እያሰባሰብን ነው።

ኮርኒያ የዓይን የፊት ለፊት ጥርት ያለው ክፍል ነው። ጤነኛው ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ይወፍራል። ኬራቶኮነስ ሲይዘው እየሳሳ ይሄድና ወደ ፊት ይሾላል። አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በአሥራዎቹ ዕድሜ፣ ልጁ ትምህርቱን በሚያጠብቅበት ሰዓት ነው። ሰሌዳው ይደበዝዝበታል፣ መነጽር ይቀየርለታል፣ ቆየት ብሎ ያም አልበቃ ይለዋል፤ እኛ ደግሞ ሰነፈ እንላለን። በጣም ያሳዝነኛል ይሄ። አለርጂ ኖሮበት ዓይኑን የሚያሽ ልጅ ካላችሁ ማሸቱን አስተዉት፣ ሕመሙን ያባብሰዋል።

ደስ የሚለው፣ መሳሳቱን ማስቆም ይቻላል። ክሮስ ሊንኪንግ ይባላል። ሪቦፍላቪን፣ ማለትም ቫይታሚን ቢ2፣ ዓይን ላይ ይንጠባጠብና አልትራቫዮሌት ብርሃን ይበራበታል፤ የኮርኒያው የኮላጅን ክሮች እርስ በርስ ተሳስረው ይጠነክራሉ። ጀርመን፣ ድሬስደን ውስጥ የተጀመረ ሕክምና ነው፤ በሰው ላይ የታየው ውጤት በ2003 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ችግሩ ኮርኒያው ከ400 ማይክሮን (0.4 ሚሊ ሜትር) በታች ከሳሳ በተለመደው አሠራር አይሞከርም። የምንቸኩለው ለዚህ ነው።

«የተጎዳውን መልሶ የሚያድን አዲስ ሕክምና አለ አይደል፣ ለምን ውጭ አንልካቸውም?» ያላችሁን አላችሁ። እውነት ነው፣ ተስፋ አለ። የስዊድኑ ሊንሾፒንግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከአሳማ ቆዳ ኮላጅን አጣርተው ኮርኒያ የሚያወፍር ተተኪ ሠርተዋል፤ አሳማ ሲባል የሚከብዳችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ፣ ግን ሕዋስ የሌለው የተጣራ ፕሮቲን ነው። ኢራንና ሕንድ ውስጥ ሕመሙ የጠናባቸው 20 ሰዎች ተደርጎላቸው ውጤቱ በ2022 እ.ኤ.አ. ወጣ። ከመካከላቸው 14ቱ ዓይነ ስውር ነበሩ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ አንዳቸውም ዓይነ ስውር አልነበሩም። በስቴም ሴል፣ ማለትም ወደ ሌላ ዓይነት ሕዋስ ሊለወጥ በሚችል ሕዋስ፣ የሚሞከርም አለ። ግን እነዚህ ገና በጥናት ላይ ናቸው። ሕዝብ ያዋጣውን ብር ይዘን ያልተረጋገጠ ነገር ማሳደድ የለብንም ባይ ነኝ። አንድ ልጅ ባሕር ማዶ በምንልክበት ገንዘብ የብዙ ልጆችን ዓይን ሳይብስ ማስቆም እንችላለን፤ ያ አዲሱ ሕክምና እስኪደርስልን ድረስም ያላቸውን ብርሃን ይዘው ይቆያሉ።

ገንዘቡ የሚውለው ለትራንስፖርት፣ ለማደሪያ፣ ለኮርኒያ ቶፖግራፊ (የኮርኒያውን ቅርጽ ለሚያሳይ) ምርመራና ለክሮስ ሊንኪንግ ነው። ክሮስ ሊንኪንግ ላለፈባቸው ደግሞ ዓይን ላይ የሚደረገውን ጠንካራ ሌንስ እንገዛለን። ሒሳቡ የሚንቀሳቀሰው በሦስት ሰዎች ፊርማ ነው፣ ደረሰኙም በየወሩ ለእድሩ ይነበባል።

50 ብርም ትሁን 5000፣ የቻላችሁትን አዋጡ። ውጭ ያላችሁ ዘመዶቻችንም አደራ። ብር የሌላችሁ፣ መነጽሩ ቶሎ ቶሎ የሚቀየር ልጅ በሰፈራችሁ ካለ ለእድሩ ጸሐፊ ንገሩልን፤ የመጀመሪያዎቹን ልጆች ክረምቱ ሳይገባ ለምርመራ መውሰድ እንፈልጋለን።