ለቢኒ፦ ስለ ብሩ፣ ስለ ሰርጉ፣ ስለ ፊልምህም

ቶሮንቶ፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ ወንድሜ ለቢኒ፣

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ስለ እኔ አታስቡ። ብሩ እንደገባ ሜሪ ነግራኛለች። ሳትነካው በፊት ይህን አንብብ። አብዛኛው ለሜሪ ሰርግ ነው። ከላዩ ላይ የእማዬ የደም ግፊት መድኃኒት የሦስት ወር ይገዛ፤ የተረፈው ለፊልምህ ይሁን። ከሰርጉ ቀንሰህ ካሜራ እንዳትከራይ። «ብር እንጂ ሐሳብ አትልኪም» ላልከው ደግሞ ይኸው ሐሳቤ። ስክሪፕትህን አንብቤዋለሁ።

ታሪኩን ወድጄዋለሁ። የ1970 አዲስ አበባ፣ የአሥራ አምስት ዓመት ልጃገረድ፣ በስውር የምትወደው፣ ታጠቅ ጦር ሰፈር ሰልጥኖ ወደ ምሥራቅ የዘመተ የጎረቤት ልጅ። ግን አራት ሙሉ ገጽ ውጊያ ጽፈሃል። ታንኩን ከየት ልታመጣው ነው? ብታገኘውስ ምን ያደርግልሃል? ልጅቷ ካራማራን አላየችም። እሷ የምታውቀው ጦርነት ከሬዲዮ የሚወጣው ማርሽ፣ ቀበሌው በር ላይ የተሰቀለው ቀይ ጨርቅ፣ ሰዓት እላፊ ሲደርስ የሚቀረቀረው የግቢ በር ነው። ዳይሬክተሩ ሮበርት መሊጋን እ.ኤ.አ. በ1971 ያወጣውን «ሰመር ኦፍ 42» የሚባል ፊልም ፈልገህ እይ። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ባሏ የዘመተባትን ሴት ይወዳል። ፊልሙ ውስጥ ውጊያ የለም፤ ጦርነቱ ቤቷ የሚገባው በአንድ ቴሌግራም ነው።

የእኛ ቴሌግራም መርዶ ነው። አንተ ግን በስልክ አስነገርከው! በ70 በእኛ ሰፈር ስልክ የነበረው ማን ነው? ቢኖርስ መርዶ በስልክ ይነገራል? ሽማግሌዎቹ ከቅርብ ዘመድ ጋር ተጠራርተው፣ ለእድሩ ሰው አስቀድመው ነግረው፣ ገና ሳይነጋ ድምፃቸውን አጥፍተው ነው የሚመጡት። ልጅቷን በዚያ ሰዓት ቦኖ ውሃ ልትቀዳ አስወጣት። ባልዲዋን ይዛ በሩን ስትከፍት የልጁ እናት ደጅ ላይ ጎረቤቱ ሁሉ ሳይነጋገር ቆሟል። አንዱ አግዳሚ ወንበር ተሸክሞ መጥቶ ቀስ ብሎ ግድግዳው ሥር ያስቀምጣል። አንዲት ሴትዮ ነጠላዋን ገና ለሐዘን አልዘቀዘቀችም፤ ጫፉን ግን በእጇ ጨብጣዋለች። ልጅቷ ያኔ ይገባታል። በሩ ይንኳኳል፣ ጩኸቱ ከውስጥ ይሰማል፣ ካሜራው ግን ከእሷ ፊት ንቅንቅ አይበል። እሪ ማለት አትችልም፤ ፍቅራቸውን የሚያውቅ ሰው የለማ! ለሰፈሩ እሷ የጎረቤት ልጅ ናት፤ ውሃ ቅጂ፣ ወንበር አቀብዪ፣ ንፍሮ ቀቅዪ ትባላለች። የራሷን ሰው ለቅሶ ስታስተናግድ ትውላለች። ፊልምህ ይኸው ነው፤ አራቱን የውጊያ ገጽ ቀድደህ ለዚህ ትዕይንት ስጠው። ስታለቅስም እንዳታሳየኝ።

ቀይ ሽብርን ግን ዘለህ ማለፍ አትችልም። በ70 የአዲስ አበባ እናት ልጇ ግንባር ሳይዘምትም ከቤት ወጥቶ ይቀርባት ነበር። ንግግር አታብዛ፤ ክፍል ውስጥ አንድ ዴስክ ባዶ ሆኖ ይታይ፣ መምህሩ ስም ሲጠራ ያንን ስም ይዝለለው። ይበቃል።

ቦታውን በተመለከተ፣ ፒያሳ ልቀርጽ ነው ብለሃል። የቱን ፒያሳ? ዶሮ ማነቂያ በ2016 ፈርሷል፤ የቀረውም ቀለም ተቀብቶ፣ የእግረኛ መንገዱ ሰፍቶ፣ አዲስ መብራት ተተክሎበታል። እነ መሊጋንም ይኸው ገጥሟቸዋል። ታሪኩ የናንተኬት ደሴት ሆኖ ሳለ ደሴቱ በጣም ስለዘመነባቸው አገሩን አቋርጠው ካሊፎርኒያ፣ ሜንዶሲኖ ሄደው ቀረጹት። አንተ ያን ያህል መሄድ አያስፈልግህም። አንድ የጭቃ ቤት፣ አንድ ግቢ፣ አንድ የቆርቆሮ በር ካገኘህ ሦስት አራተኛው አለቀልህ። ከተማውን በድምፅ አምጣው፤ ቅዳሴውን ከአራዳ ጊዮርጊስ፣ አዛኑን ከአንዋር። ያንን ድምፅ ስትቀዳ ለእኔም አንድ ቅጂ ላክልኝ፤ ሳይቆራረጥ፣ እንዳለ።

የሚያጋልጥህ ትንሹ ነገር ነው። ጣሪያ ላይ ዲሽና ሮቶ እንዳይታይ ካሜራውን ዝቅ አድርገህ ግድግዳውን ሙላበት። ቢጫ ጀሪካን ከቦኖው አካባቢ ይነሳ፤ ባልዲና እንስራ ይቁም። ልጁ ሱቅ ልኮ ሲያስገዛ አንድ ብሩ የወረቀት ይሁን፤ ሳንቲሙ የቅርብ ጊዜ ነው። ግድግዳው ላይ የሚለጠፈው አዲስ ዘመን የ1969 እና የ70 መሆን አለበት። ወመዘክር፣ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ፣ ሄደህ ገጾቹን ፎቶ አንሳ፣ ስስ ወረቀት ላይ አሳትም፣ ቀዝቃዛ ሻይ ቀብተህ ጥላ ውስጥ አድርቀው። ፀሐይ ላይ ካሰጣኸው ይጨማደዳል። «ሁሉም ነገር ወደ ጦር ግንባር» የሚለውን መፈክር ደግሞ በብሩሽ አስጽፈው። በኮምፒውተር ፊደል የታተመ ባነር ካየሁ ፊልሙን እዚያው ነው የማጠፋው።

ስለ መብራት። የእኛ አገር ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ አምፖል በሰከንድ 100 ጊዜ ይደምቃል፣ ይፈዝዛል። ዓይን አያየውም፤ ካሜራህ በሰከንድ 30 ፍሬም ላይ ከሆነ ግን ምስሉ ላይ ጥላ መሰል መስመር ሊንሸራተት ይችላል። 25 ፍሬም፣ ሹተሩን (እያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ) 1/50 ሰከንድ አድርገው፤ ርካሽ ኤልኢዲ ግን በዚህም ላይስተካከል ስለሚችል ቀድመህ ሞክረው። ኩራዝ ብቻውን አይበቃህም። አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) ከፍ ስታደርግ ጥቁሩ ሁሉ ነጠብጣብ ይሆናል። ከኩራዙ ጀርባ፣ ካሜራው በማያየው በኩል፣ ቢጫ ብርሃን ያለው ትንሽ አምፖል ደብቅ። ውጭ ከጠዋቱ አንድ እስከ ሦስት፣ ከሰዓት ከአሥር በኋላ ቅረጽ፤ ቀትር ላይ ፀሐይዋ አናት ላይ ስለምትሆን የልጆቹ ዓይን ጥቁር ጉድጓድ ይሆናል። እያንዳንዱን ክፍል ለቅቃችሁ ከመውጣታችሁ በፊት ሁሉም ዝም ብሎ አንድ ደቂቃ ባዶውን ድምፅ ቅዱ። ያ ከሌለህ ኤዲቲንግ ላይ ድምፁ በየንግግሩ መሐል ይቆራረጣል።

ሙዚቃ ከካሴት አታንሳ፤ የቅጂ መብት አዋጁ 410/1996 እያለ ባለቤቱ ቢጠይቅህ መልስ የለህም። ሚሼል ለግራንድ ለ«ሰመር ኦፍ 42» በሠራው ሙዚቃ ኦስካር አግኝቷል፤ ብልሃቱ አንድ ዜማ ማመላለስ ነው። አንድ ክራር ይበቃሃል። መንገድ ላይ ለመቅረጽ የወረዳውን የፈቃድ ደብዳቤ አስቀድመህ ያዝ። የውሸትም ቢሆን መሣሪያ ይዛችሁ ደጅ አትውጡ። ተዋናዮቹ እውነተኛ የአሥራ አምስት ዓመት ልጆች ይሁኑ፤ ወላጆቻቸውም ይፈርሙልህ። የሃያ አምስት ዓመት ሰው ዩኒፎርም አልብሰህ አፈረ ብትለኝ አላምንህም። መሳሳም አያስፈልግም፤ ደብተር ሲዋዋሱ አንዲት የፍቅር ወረቀት ከመሐል ትውጣ።

ልጅቷን በዕድሜ ከእማዬ ጋር እኩል እንዳደረግሃት አይቻለሁ። እማዬም ታየዋለች። እባክህ ካሜራ ደግነህ «በ70 ምን ሆነ?» አትበላት። ሽንኩርት ስትልጥ ራሷ ከጀመረች ዝም ብለህ ስማ፣ አትጻፍባት። ካልጀመረች ይቅር። ግፊቷን ጠዋት፣ ቡና ሳትጠጣ በፊት ለካላት፤ ሁለቱንም ቁጥር ጻፍልኝ። «ደህና ናት» የሚለው መልስህ እንቅልፍ ይነሳኛል።

ሜሪ ቅር ብሏታል አይደል? የማልመጣው ብር ቆጥቤ እንዳይመስላት። ወረቀቱ አላለቀም፤ ሌላ ምንም የለም። ልጆች ሆነን ስንጫወት አንቺ ሙሽራ ሆነሽ በነጠላ ስትጋረጂ ስንቴ ሚዜሽ ሆኛለሁ በላት። ቀሚሷን ከሽሮ ሜዳ ስትመርጥ ጥለቱን በቀን ብርሃን አውጥታ ትየው፤ በሱቅ መብራት ወርቃማው ሁሉ አንድ ነው። መልሱ ላይ ዶሮውን እማዬ ራሴ ልሥራ እንዳትል፣ ሴቶቹን አደራ በላቸው። ጭፈራው ሲጀመር ስልክህን አግድም አድርገህ ድንኳኑ ምሰሶ ላይ እሰርልኝ። አታናግሩኝ፤ ሥራችሁን ሥሩ፣ እኔ አያለሁ። ቻርጀር እንዳትረሳ።

ሁለተኛውን ስክሪፕት ከጥር በፊት ላክ። የምትከራየውን የካሜራ ዋጋም አብረህ ጻፍ፤ ከበዛ እነግርሃለሁ።

ናፋቂ እህትህ