ሶላር ፓኔል ለመግዛት ሜትር ይዛችሁ ሂዱ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የሶላር ፓኔል ማስታወቂያ ባነበብኩ ቁጥር አንድ ነገር አጣለሁ። ዋቱ በትልቁ ተጽፏል፣ ዋጋው አለ፣ ስልኩም አለ። የፓኔሉ ርዝመትና ስፋት ግን የለም። እነዚህ ሁለት ቁጥሮች በመጉደላቸው ሰው ገንዘቡን ሲበላ እያየሁ ዝም ማለት ስላልቻልኩ ነው ይህን የምጽፈው።

እኔ ዕድሜዬን በመንገድ ሥራ ካምፖች በኤሌክትሪክ ሠራተኛነት ያሳለፍኩ ጡረተኛ ነኝ፤ የምኖረው ሱሉልታ ነው። አንድ ካምፕ ሲፈርስ በጨረታ የገዛኋት፣ ድሮ ቀያሾች ያድሩባት የነበረች ካራቫን አለችኝ። ከባለቤቴ ጋር በአሮጌው ፒክአፕ እየጎተትን ለንግሥ ደብረ ሊባኖስ፣ ሲመቸን ደግሞ ላንጋኖ እንወርድባታለን። ግቢዬ ውስጥ ቆማ ያዩዋት ወጣቶች ናቸው ምክር ፍለጋ በሬን ማንኳኳት የጀመሩት። ዛሬ በከተማው ዳር ዳር ተሳቢ አሠርቶ ቡናና ቁርስ መሸጥ ተለምዷል፤ በእኛም በኩል አትሌቶች ማለዳ ልምምድ ጨርሰው ሲመለሱ ሻይ የሚጠጡት ከእነዚህ ልጆች ነው። ቆጣሪ ለጎማ አይገባም። የሕዳሴው ግድብ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ እንደማንኛውም ሰው ደስ ብሎኛል፤ መስመሩ ግን ከምሰሶ ወርዶ ተሳቢ አይከተልም። ጄኔሬተር ቤንዚን ይፈጃል፣ ጩኸቱም ደንበኛ ያባርራል። ስለዚህ ሁሉም የሚያስበው ሶላር ነው።

ከእነዚህ አንዷ የሰፈራችን ልጅ ናት። ከመርካቶ ታጥፎ የሚያዝ፣ «300 ዋት» የሚል ወረቀት የተለጠፈበት ፓኔል ገዝታ መጣች። ትንሿ ባለ 12 ቮልት ማቀዝቀዣዋ ሁለት ሦስት ቀን ደህና ከሠራች በኋላ ማታ ማታ ትጠፋለች። ልጅቷ ባትሪውን ትከሳለች፤ ባትሪውን የሸጠላት ሰው ደግሞ የሱሉልታን ብርድ ይከሳል። እኔ ከቴስተሩ፣ ከቮልትና አምፔር መለኪያው፣ በፊት የባለቤቴን የልብስ ስፌት ሜትር አመጣሁ። ፓኔሉ ተዘርግቶ ርዝመቱ 1 ሜትር ከ10፣ ስፋቱ 55 ሴንቲሜትር ነው። ነገሩ እዚያው አለቀ።

ለምን ቢባል፣ ጥርት ባለ ቀን እኩለ ቀን ላይ አንድ ካሬ ሜትር ቦታ ላይ የሚያርፈው የፀሐይ ኃይል ወደ 1,000 ዋት ነው። ገበያ ላይ ያለ ጥሩ ፓኔል ከዚያ ውስጥ ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው አንድ አምስተኛውን፣ ቢበዛ ትንሽ ከፍ ያለውን ነው። ስለዚህ ርዝመቱን በስፋቱ በሜትር አባዙ፤ የመጣውን በ200 አባዙ። የልጅቷ ፓኔል 121 ይሆናል። እውነተኛ 300 ዋት ከአንድ ካሬ ሜትር ተኩል ብዙም የማያንስ ስፋት ይፈልጋል፤ ይህን የሚያስቀር ተለጣፊ ገና አልተሠራም። በኋላ ቀትር ላይ በቴስተር ስንለካው 18 ቮልት፣ 5 አምፔር ሰጠ፤ 90 ዋት ማለት ነው። በ90 ዋት ደግሞ በበጋ ቀን 400 ዋት ሰዓት አካባቢ ብታገኝ ነው፤ በሯ ቀኑን ሙሉ የሚከፈት ማቀዝቀዣ ብቻዋን ትጨርሰዋለች። ሻጩ ስልክ ሲደወልለት «እኛ አንለጥፍም፣ ተለጥፎ ነው የሚመጣው» አለ። የለጠፈው ማንም ይሁን፣ ገንዘቡን የተቀበለው እሱ ነው።

ብርዱን በተመለከተ ለባትሪ ነጋዴው መልስ አለኝ። ፓኔል የሚፈልገው ብርሃን ነው፤ ሙቀት እንዲያውም ያደክመዋል። ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ጉልበቱ ወደ 0.4 በመቶ ይቀንሳል። በዚህ ሒሳብ የሱሉልታ የጥር ፀሐይ ከላንጋኖ ሐሩር ይሻላል።

ሁለተኛው ክርክሬ ፓኔሉን የተሳቢው ጣሪያ ላይ በብሎን ከሚያስሩት ጋር ነው። ጣሪያ ላይ ከታሰረ ቤቱ ፀሐይ ላይ መቆም አለበት፤ ደንበኛው ደግሞ የሚፈልገው የባሕር ዛፉን ጥላ ነው። በፓኔል ውስጥ ያሉት ሴሎች በተከታታይ የተያያዙ ስለሆኑ፣ አንድ ቅርንጫፍ ጥግ ላይ ጥላውን ቢጥል የሚቀንሰው ያ ጥግ ብቻ አይደለም፤ ብዙውን ጉልበት ይዞ ይወርዳል። ተንቀሳቃሽ ፓኔል ግን በረዥም ገመድ ፀሐይ ላይ ይዘረጋል፣ ተሳቢው ጥላ ሥር ይቀመጣል። ወደ ፀሐይ ማዞርም ይቻላል። አብሮት የሚመጣው መመሪያ «ወደ ደቡብ አዙሩ» ይላል፤ የተጻፈው ግን ከእኛ በጣም ወደ ሰሜን ለሚኖሩ ሰዎች ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ብቻ ስለምትርቅ፣ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ የቀትሯ ፀሐይ በሰሜን በኩል ነች። በታኅሣሥ አጋማሽ ደግሞ ከአናታችን 32 ዲግሪ ያህል ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፤ ያን ጊዜ ፓኔሉን በድንጋይ አስደግፎ ማቅናት ነው። በክረምት ደመናው ስለሚከብድ ምንም ቢዞር ብዙ አይጠበቅም።

ሌባ አለ፣ ነፋስም አለ። እኔ የኔን በሰንሰለት ከካራቫኗ እግር ጋር አስረዋለሁ። ባለቤቴ «በግ ገዛህ እንዴ?» እያለች ትስቅብኛለች፤ ፓኔሉ ግን እስካሁን አልጠፋም።

ስለ ገመድ ትንሽ ልበል፣ ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነውና። በ10 ሜትር ርቀት በ1 ካሬ ሚሊ ሜትር የአምፖል ገመድ 5 አምፔር ተኩል ቢያልፍ ወደ 2 ቮልት የሚጠጋው መንገድ ላይ ይቀራል። በ6 ካሬ ሚሊ ሜትር ግን የሚቀረው የአንድ ቮልት ሲሶ ነው። ቻርጅ ኮንትሮለሩ፣ ማለትም የባትሪውን አሞላል የሚቆጣጠረው ዕቃ፣ ከፓኔሉ ጀርባ ተጣብቆ የሚመጣ ከሆነ ፈትታችሁ ባትሪው አጠገብ አድርጉት፤ አለበለዚያ የተቀነሰው ቮልት ባትሪው ጋ ይደርስና ባትሪው ሳይሞላ ይኖራል። ካራቫኑ የራሱ ኮንትሮለር ካለው ደግሞ የፓኔሉን አልፋችሁ በቀጥታ ከዚያ ጋር አገናኙ፤ ሁለት ኮንትሮለር በተከታታይ አይገባም። ፊውዝ በፖዘቲቩ በኩል፣ ባትሪው ሥር። ተራ የእርሳስና አሲድ ባትሪ ከግማሽ በታች ሲወርድ ዕድሜው ያጥራል፤ ጭነት ሳይኖርበት 12.2 ቮልት አካባቢ ካሳየ ማቀዝቀዣውን አጥፉት። የመኪና ማስነሻ ባትሪ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ የተሠራው ለአፍታ ብዙ ጉልበት ሰጥቶ ወዲያው እንዲሞላ ነው።

ምጣድ ደግሞ እርሱት። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,000 ዋትና ከዚያ በላይ ይጠይቃል፤ በታጣፊ ፓኔል እንጀራ ይጋገራል የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ራሱ ጋግሮ ያሳያችሁ። ቡናው በከሰል ወይም በጋዝ ይፈላ፤ ሶላሩ ለመብራት፣ ለስልክና ለትንሽ ማቀዝቀዣ ይበቃል፤ ያውም ፓኔሉ በተጻፈበት ልክ ሲሆን።

ንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ሊያደርገው የሚችል ቀላል ነገር አለ። እያንዳንዱ የሚሸጥ ፓኔል ከዋቱ ጎን መጠኑን በሴንቲሜትር፣ በሥራ ላይ የሚሰጠውን ቮልትና አምፔርም በአማርኛ ይጻፍበት። ሻጮችም ፓኔሉን ሱቅ ውስጥ ግድግዳ ላይ ሰቅለው ከሚያሳዩ ደጅ ፀሐይ ላይ አውጥተው በቴስተር ቢለኩልን ከአምስት ደቂቃ በላይ አይፈጅባቸውም። እምቢ የሚል ካለ ገዢው ወደሚቀጥለው ሱቅ ይለፍ።

ከእናንተ ደግሞ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። የሶላር ማስታወቂያ ስትቀበሉ የፓኔሉን ርዝመትና ስፋት ጠይቁ፤ ካልተሰጣችሁ አታትሙት። በ200 የማባዛቱን ሥራ አንባቢው ራሱ ይሠራዋል።

ጡረተኛ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ
ከሱሉልታ