የቮልስ ጉዞ ወደ ሐረር፤ መልስ እስከ ማክሰኞ

ውድ አባላት፣

የሐረሩ ጉዞ ቀን ተቆርጧል፤ ዓርብ ጥቅምት 21 እንነሳለን። መሰብሰቢያው መስቀል አደባባይ፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነው። ማንንም ቆመን አንጠብቅም።

ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ በአንድ ቀን አንጨርሰውም። ዓርብ አዋሽ እናድራለን። ቅዳሜ ንጋት 12 ሰዓት ተነስተን የአሰበ ተፈሪን ዳገት ፀሐይ ሳይበረታ እንወጣለን፤ በቁልቢ አድርገን ሐረር እንገባለን። ፔጆ 404 ታክሲዎቿን ከቮልሶቻችን ጎን አቁመን ፎቶ ካልተነሳንማ ምኑን ሄድነው!

የሞተራችሁን ቫልቭ ሳትነሱ፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ አስተካክሉ። ትርፍ ቺንጋ (የሞተር ቀበቶ) ያልያዘ አይመጣም። ባለፈው የእኔው ዳገት ላይ ተበጠሰ፤ ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው ቀይዋ የዲናሞ መብራት ስትበራ «ትንሽ ልሂድ» ብዬ ሞተሩን ላቃጥለው ነበር። ቮልስ ራዲያተር የለውም፤ ማቀዝቀዣውን የሚያዞረው ያው ቺንጋ ነው። መብራቷ ከበራች እዚያው ቁሙ። ካንዴላ፣ ፑንቲና፣ ክሪክ፣ ስኮርታ ጎማና የመጠጥ ውሃም ያዙ።

አንድ ነገር እንወስን፦ ስንመለስ በመጣንበት ወይስ በድሬዳዋ? እኔ በድሬዳዋ ብንሄድ ደስ ይለኛል፤ ግን የደንገጎን ቁልቁለት ፍሬን ረግጦ ሳይሆን በከባድ ማርሽ ነው የሚወርዱት። ፍሬኑን ያላስፈተሸ አይሞክረው።

የምትመጡ የመኪናችሁን ዓመት፣ የሰው ብዛትና የመልስ መንገድ ምርጫችሁን እስከ ማክሰኞ ማታ ጻፉልኝ። አዋሽ ላይ አልጋ የምይዘው በዚያ ቁጥር ነው።