«ፓስወርዱ ትክክል ነው ቲቸር!»፦ የአይሲቲ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

የክበብ ዘገባ ሲባል ስንት ስብሰባ ተደረገ፣ ስንት አባል ተመዘገበ፣ ከዕቅዱ ምን ያህሉ ተሳካ የሚል ነው። እሱን በፎርሙ ሞልቼ ለርዕሰ መምህሩ አስገብቻለሁ። እዚህ የምጽፈው ፎርሙ ላይ ቦታ ያጣውን ነው።

መጀመሪያ የምንሰበሰበው ዓርብ ከሰዓት ነበር። ግማሹ ልጅ ከጁምዓ ሲመለስ ሰዓቱ እያለቀ ስላስቸገረን ወደ ረቡዕ አዞርነው። ኮምፒዩተር ክፍላችን ውስጥ 14 ዴስክቶፖች አሉ። መስከረም ላይ የሚነሱት 9 ብቻ ነበሩ። እነሱም ቢሆኑ በፍላሽ በገባ ቫይረስ ታመው የሚያቃስቱ ናቸው። ጥቅምት ላይ ዊንዶውሱን አንስተን ሉቡንቱ 22.04 ጫንንባቸው። ሉቡንቱ ኡቡንቱ የሚባለው የሊኑክስ ሲስተም ቀለል ያለ ወንድም ነው፤ ያረጀ ማሽን ላይ ብዙ አይከብድም። ገንዘብም አይጠይቅም።

ከቫይረሱ ተገላገልን። ከዚያ ሱዶ መጣ።

ለማያውቅ አንባቢ፦ ሊኑክስ ላይ ተራ ተጠቃሚ እንደፈለገ ፕሮግራም መጫን ወይም የሲስተም ፋይል መንካት አይችልም። በጥቁሩ መስኮት፣ በተርሚናሉ፣ ከትእዛዙ ፊት «ሱዶ» ብሎ ይጽፋል። ማሽኑ ፓስወርድ ይጠይቀዋል። ካመነው ለዚያች ትእዛዝ የአስተዳዳሪውን ሥልጣን ያውሰዋል። ልጆቹ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ «ሶዶ» ነው የሚሉት። «የወላይታው ነው የጉራጌው?» ብሎ አንዱ ክፍሉን ካሳቀ ወዲህ ማረም ተውኩ።

ነገሩ ከእኔም ዕድሜ ይበልጣል። በፈረንጆቹ 1980፣ ቡፋሎ በሚገኘው የኒውዮርክ ስቴት ዩኒቨርሲቲ፣ ቦብ ኮግሻል እና ክሊፍ ስፔንሰር የጻፉት ፕሮግራም ነው። በእኛ አቆጣጠር 1972 አካባቢ መሆኑ ነው። በብዙ የሊኑክስ ዓይነቶች ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትጠቀሙበት ሦስት ነጥብ ያለው ምክር ይሰጣችኋል፦ የሌሎችን ገመና አክብሩ፣ ከመጻፋችሁ በፊት አስቡ፣ ትልቅ ሥልጣን ትልቅ ኃላፊነት ያመጣል። «የሥነ ዜጋ መምህራችን ናቸው እንዴ የጻፉት?» አለች ጸሐፊያችን።

የመጀመሪያው ወር ጩኸት አንድ ዓይነት ነበር፦ «ቲቸር፣ ኪቦርዱ ሞቷል!» ኪቦርዱ አልሞተም። ሱዶ ፓስወርድ ሲቀበል ስክሪኑ ላይ ምንም አያሳይም። ፊደሉ ይቅርና ኮከብ እንኳ አይታይም፤ ከጎን የቆመ ሰው ርዝመቱን እንዳይቆጥር ነው። ኢንተር እስኪጫኑ ድረስ እየሰማ ዝም ይላል። ይህን ሳያውቁ አራት ልጆች ኪቦርድ ቀያይረዋል።

ሁለተኛው ችግር የልጆቹ ልማድ ነበር። «ቲቸር፣ ኤረር አለኝ።» «ምን ይላል?» «አላየሁትም፣ ዘጋሁት።» ይህን በቀን አሥር ጊዜ ስሰማ ሰለቸኝና አንድ ሕግ አወጣሁ። ስህተት ሲመጣ ማንም ምንም አይነካም። መጀመሪያ መልእክቱ ቃል በቃል ደብተር ላይ ይሰፍራል። አንድ ባለ 50 ቅጠል ደብተር ገዝተን ሽፋኑ ላይ «የእምቢታ መዝገብ» ብለን ጻፍንበት። ያዢዋ ጸሐፊያችን ናት፤ የ10ኛ ክፍል ተማሪ፣ ጽሕፈቷ ከእኔ የሚያምር።

የመዝገቡን ገጽ ሁለት ላንሳ። ኅዳር ላይ ነው። ዝናቡ በዚያ ወር የሚገባው አልነበረም፣ ግን ጅማ ነውና ዘነበ። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ እርስ በርስ አንሰማማም። ጸሐፊያችን ራሷ አንዱ ማሽን ላይ ተቀምጣ አንዲት የትየባ መለማመጃ ልትጭን ነው። ፓስወርዷን አስገባች። «ይቅርታ፣ እንደገና ሞክር» አላት። ደገመች፤ ያው ነው። ሦስተኛው ላይ «ሦስት ጊዜ የተሳሳተ ፓስወርድ» ብሎ ሸኛት። ሱዶ ካልቀየሩት በቀር ዕድሉ ሦስት ነው።

«ፓስወርዱ ትክክል ነው ቲቸር! ጠዋት የገባሁበት ነው!»

እውነቷን ነበር። ካፕስ ሎክ አይተናል፤ ጠፍቷል። ኪቦርዱ ደህና ነው። እኔ ፓስወርዷን ልቀይርላት ስነሳ እሷ ቀደመችኝ። ባዶ የጽሑፍ ገጽ ከፈተች። «ዞር በሉ» ብላ ሁላችንንም አስዞረችና ፓስወርዱን እዚያ ጻፈችው። ከዚያ ሳቋን ሰማን። ገጹ ላይ የወጣው ፊደል ነው፤ የእኛው ፊደል። ከግማሽ ሰዓት በፊት ለሚኒ ሚዲያ ማስታወቂያ ልትጽፍ ኪቦርዱን ወደ አማርኛ አዙራው ረስታዋለች። ስክሪኑ ምንም ስለማያሳይ፣ በላቲን የተመዘገበውን ፓስወርድ በግዕዝ ስታስገባ ማንም አላየም። ማሽኑ ትክክል ነበር። እሷም ትክክል ነበረች።

ከታች በቀኝ ጥግ ያለችውን የቋንቋ ምልክት መጀመሪያ ማየት የክበቡ ሕግ ሆነ። አንድ ጥንቃቄ ግን፦ ፓስወርድ በዚህ መንገድ ስትፈትሹ ተርሚናሉ ላይ አትጻፉት። ኢንተር ከነካችሁ በትእዛዞች ታሪክ ውስጥ ተመዝግቦ ይቀራል። ባዶ ገጽ ላይ ጽፋችሁ ሳታስቀምጡ ዝጉት።

ታኅሣሥ ላይ ልጆቹ ማሽኖቹን ስም እናውጣላቸው አሉ። የጅማ ቦታዎችን ስም ሰጧቸው፦ ጅሬን፣ ሄርማታ፣ አዌቱ፣ ቦዬ፣ ኮቺ… ደስ አለኝ። በማግስቱ ሱዶ ባልን ቁጥር «ጅሬን የሚባለውን አስተናጋጅ ማግኘት አልቻልኩም» የሚል መስመር ይቀድም ጀመር፤ «አስተናጋጅ» የሚለው ማሽኑን ራሱን ነው። ሥራው ይሠራል፤ ማጉረምረሙ ነው። ስሙን አንዱ ፋይል ላይ ቀይረን ሌላው ላይ ረስተነው ነው። ማሽኑ ስሙን በአንዱ ያነባል፣ አድራሻውን በሌላው ይፈልጋል። ሁለተኛው ፋይል ውስጥ 127.0.1.1 ከሚለው ቁጥር ጎን አዲሱን ስም ጻፍን፤ ዝም አለ።

ከዚያ የ9ኛ ክፍሏ ልጅ። አባል ከሆነች ሁለት ሳምንቷ ነው። አንድ ረቡዕ ፊቷ ነጥቶ መጣች። «ቲቸር፣ ምንም አላደረግኩም።» ስክሪኑ ላይ በእንግሊዝኛ ያለው ሲተረጎም ይህን ይመስላል፦ ይህ ተጠቃሚ የሱዶ መዝገብ ውስጥ የለም፤ ይህ ድርጊት ሪፖርት ይደረጋል።

«ለማን ነው ሪፖርት የሚያደርገው? ለርዕሰ መምህሩ ነው ለፖሊስ?»

ሳቄን ይዤ አስረዳኋት። ሁሉም አባል አስተዳዳሪ አይደለም። ኡቡንቱ ላይ ሱዶ የሚፈቀደው «ሱዶ» በሚባለው ቡድን ውስጥ ላለ ሰው ነው። እሷ የለችበትም። ሙከራዋ የሚጻፈው እዚያው ማሽን ላይ ለአስተዳዳሪው ነው። አስተዳዳሪው ማነው? እኔ። እኔ ደግሞ የመግቢያ መዝገቡን ከፍቼ አይቼው አላውቅም። ያን ቀን አብረን ከፈትነው። የሷ ሙከራ ከነሰዓቱ፣ ከነትእዛዙ ቁጭ ብሏል። ከላይ ደግሞ የስንቱ ሙከራ! ስም አልጠራም፤ የ11ኛ ክፍል ወንዶች ራሳቸውን ያውቃሉ።

ልጅቷ ላይ የሳቅኩት ሳቅ ብዙም ሳይቆይ ዞረብኝ። ጥር ላይ ለክበቡ የጋራ ፎልደር ላዘጋጅ አሰብኩ። «ክበብ» የሚል ቡድን ፈጠርኩና ራሴን ጨመርኩ። ጨመርኩ ብዬ ነው እንጂ። ተጠቃሚን ቡድን ውስጥ በሚያስገባው ትእዛዝ ላይ ትንሿ «ኤ» ከትልቁ «ጂ» ፊት መኖር አለባት። «ኤ» ካለች ባለህበት ላይ ይጨምርልሃል። ከሌለች «ካሁን በኋላ የምትኖረው እዚህ ብቻ ነው» ብሎ ከሌሎቹ ተጨማሪ ቡድኖች በሙሉ ያወጣሃል። እኔ ረሳኋት። የዚያን ሰዓት ምንም አልተሰማኝም፤ ለውጡ የሚታየው ወጥተው እንደገና ሲገቡ ነው። በሚቀጥለው ረቡዕ ገባሁ፣ ሱዶ አልኩ፣ ፓስወርዴን ጻፍኩ።

ይህ ተጠቃሚ የሱዶ መዝገብ ውስጥ የለም።

ክፍሉ በአንድ ድምፅ «ሪፖርት ይደረጋል ቲቸር!» አለ። የ9ኛ ክፍሏ ልጅ ከሁሉም በላይ ጮኸች።

አንዱ ልጅ «በሱ ይግቡ» አለኝ፤ ኤስዩ የሚባለውን ትእዛዝ ማለቱ ነው። ሞከርኩ፤ አይሆንም። ኡቡንቱ ሲጫን ዋናው አስተዳዳሪ፣ ሩት የሚባለው፣ በፓስወርድ እንዳይገባ ተቆልፎ ነው የሚመጣው። ሌላ አስተዳዳሪ ማሽኑ ላይ አልሠራሁም። የቀረው የማገገሚያው መንገድ ነው። ማሽኑን አጥፍተን ስናስነሳ ሜኑው እንዲመጣ አደረግን፣ ሪከቨሪ ሞድ መረጥን፣ የሩትን ተርሚናል ከፈትን። እዚያ ዲስኩ ለንባብ ብቻ ነው የሚከፈተው፤ መጻፍ እንዲቻል መልሰን ከፈትነው። ትእዛዙን በ«ኤ» ልጽፍ እጄን ስዘረጋ መብራት ሄደ።

ሃያ ደቂቃ ቆየን። መጣ። ሁሉንም ከሀ ጀመርን። ጸሐፊያችን ከመዝገቡ እያነበበች፣ እኔ እየጻፍኩ። የመጨረሻው ትእዛዝ ላይ «ኤዋን አይርሷት ቲቸር» አለችኝ። ማሽኑ ተነሳ፣ ሱዶ አልኩ፣ ተቀበለኝ።

አንድ ልጅ ግን አልሳቀም። «እንደዚህ ከሆነ ማንም ሰው አጥፍቶ አስነስቶ አስተዳዳሪ መሆን ይችላል ማለት ነው?» ሲል ጠየቀ። አዎ፣ እኛ እንደተውነው ከሆነ ማሽኑ አጠገብ የደረሰ ሰው ይችላል። ለካ ከፓስወርዱ በላይ የሚጠብቀን የበሩ ቁልፍ ነው። ወጥቼ ለጥበቃው አባታችን «ቁልፉን ከእኔ በቀር ለማንም እንዳይሰጡ» አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝ። «እስከ ዛሬስ ምን ስጠብቅ የኖርኩ መስሎህ ነው ልጄ?»

መጋቢት ላይ አንድ ማሽን አጣን። «ፈቃድ የለህም» የሚል መልእክት ያሰለቸው ልጅ 777 የሚባለውን የፈቃድ ቁጥር ፕሮግራሞቹ ለሚቀመጡበት የሲስተም ፎልደር በሙሉ ሰጠው፤ ሁሉም ሰው ሁሉን ያድርግ ማለት ነው። ውጤቱ ግን ሱዶ ጭራሽ መነሳቱን ተወ። ባለቤቱ ሩት መሆን አለበት፣ ልዩ ምልክቱም ሊኖር ይገባል የሚል መልእክት ያወጣል። ሱዶ በሩት ሥልጣን እንዲሠራ የሚያደርገው አንድ የፈቃድ ምልክት አለ፤ በ777 ውስጥ ያ ምልክት የለም፣ ተጠርጎ ይሄዳል። በማገገሚያው ገብተን 4755 በሚለው ቁጥር ምልክቱን መለስንለት። ሱዶ ተነሳ። ከዚያ ፓስወርድ መቀየሪያው በተራው እምቢ አለ፤ የሱም ምልክት ሄዷል። እያንዳንዱን ለይተን ከምናሳድድ ብለን ቦዬን ከአዲስ ጫንነው። ልጁ ራሱ ነው የጫነው።

የቀረው የወላጆች በዓል ነው። ግንቦት፣ አዌቱ የተባለው ማሽን፣ ትልቅ ስክሪን። ወላጆች ተቀምጠዋል፣ ምክትል ርዕሰ መምህሩ ከፊት ናቸው። ስክሪኑ ላይ በአማርኛ «እንኳን ደህና መጣችሁ» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ፕሮግራም እንዴት እንደሚጫን ላሳይ ተርሚናሉን ከፍቼ ፓስወርዴን አስገባሁ። ማሽኑ በእንግሊዝኛ አንድ መስመር ጣለልኝ። «ይቅርታ፣ እንደገና ሞክር» አይደለም። ትርጉሙ «አጻጻፍህ የእኔን አነዳድ ይመስላል» የሚል ነው።

እንዲህ ያለ ኤረር በሕይወቴ አይቼ አላውቅም። ተጠለፍን ብዬ ደነገጥኩ። እንደገና ሞከርኩ። ሌላ ስድብ፦ «መጻፍ የት ነው የተማርከው?» ከኋላ የታፈነ ሳቅ ሰማሁ።

ቦዬን የጫነው ልጅ ነው። ሱዶ ውስጥ ፓስወርድ ለሳተ ሰው በዘፈቀደ ስድብ የሚያወጣ አማራጭ አለ፤ ተኝቶ ነው የሚኖረው። በመቆጣጠሪያው ፋይል አንድ መስመር ሲጨመር ይነቃል። ልጁ ማክሰኞ ዕለት አዌቱን እንዲያዘጋጅ ሱዶ ፈቅጄለት ነበር፤ ያኔ አነቃው። መቆጣት ነበረብኝ፣ ተቆጣሁም። ግን ፋይሉን በምን እንደከፈተው ስጠይቀው «በቪሱዶ» አለኝ። ያ ፋይል በተራ መጻፊያ አይነካም፤ ቪሱዶ ሲያስቀምጥ ስህተት እንዳለው አይቶ ያስጠነቅቃል። መጋቢት ላይ 777 የሰጠ ልጅ ነው ይሄ።

ለምን ፓስወርዴ እምቢ እንዳለ ጸሐፊያችን ከመቀመጫዋ ሳትነሳ ነገረችኝ። «ቲቸር፣ ጥጉን ይዩ።» አማርኛ ላይ ነበር።

አንድ አባት የሚስቁበትን ማወቅ ፈለጉ። ቡና የሚጭን ኢሱዙ ሹፌር ናቸው። ልጃቸው መስመሯን ተርጉማ ነገረቻቸው። «እንዴ» አሉ፣ «ታዲያ መንጃ ፈቃዱን ማን ሰጠው?»

የስድቡ መስመር ሌሎቹ ማሽኖች ላይ እንዳይገባ ከልክያለሁ። አዌቱ ላይ ግን ትቼዋለሁ።